ኦኮሱንስ፣ ብሎንዲ ወይስ ዱቤ? ቀደምት የአፍሪካ ሬጌ ሸክላ ለሚገዛ

ስለ አፍሪካ ሬጌ ሲወራ አብዛኛው ሰው ከደቡብ አፍሪካዊው ላኪ ዱቤ ይጀምራል። እኔም ከእሱ ነው የጀመርኩት። ወደ ኋላ ሄጄ የቀደሙትን ማሳደድ ስጀምር ግን ሁለት ሦስቴ ገንዘቤን ሜዳ ላይ በተንኩ። አሁን ሊገዛ የተነሳ ሰው እንደ እኔ እንዳይሸወድ ሦስቱን ጎን ለጎን ላስቀምጣቸው። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው።

በዕድሜ የሚቀድመው ናይጄሪያዊው ሶኒ ኦኮሱንስ ነው። «ፋየር ኢን ሶዌቶ» የወጣው በ1977 ነው፤ የሶዌቶ ተማሪዎች አፍሪካንስ በተባለው ቋንቋ አንማርም ብለው አደባባይ ወጥተው ጥይት ከዘነበባቸው ገና አንድ ዓመት ገደማ ሲሆነው ማለት ነው። ሰውየው ሌላ የአህጉሩ ጫፍ ላይ ሆኖ ስለዚያ እሳት ዘፈነ። የአልበሙ ስም የሆነው ዘፈን ሬጌ ነው፣ ባሱ ከፊት ከፊት ይሄዳል፣ ጊታሩ በመሃል ቆረጥ ቆረጥ ያደርጋል። ግን ልብ በሉ፤ ኦኮሱንስ ራሱን የሬጌ ሰው ብቻ አላደረገም። ሙዚቃውን «ኦዚዲ» ነበር የሚለው፤ ሃይላይፍ የሚባለው የምዕራብ አፍሪካ የጭፈራ ሙዚቃ አለበት፣ ሮክ አለበት፣ ሬጌ አለበት። ከጫፍ እስከ ጫፍ ሬጌ እሰማለሁ ብሎ የገዛ ቅር ይለዋል። ይህ ነገር ከየት ተነሳ ለሚል ሰው ግን ከዚህ የተሻለ መነሻ አላውቅም።

ሁለተኛው የኮትዲቯሩ አልፋ ብሎንዲ፣ «ጃ ግሎሪ»፣ 1982። እኔን ካላችሁኝ መጀመሪያ የሚገዛው ይሄ ነው። «ብሪጋዲየር ሳባሪ» የሚለው ዘፈን ብቻውን ዋጋውን ያወጣል። አቢጃን ውስጥ ፖሊስ አፈሳ ላይ ነው፣ ዘፋኙ እጃቸው ላይ ይወድቃል፣ ዱላው ይወርዳል፣ እሱ ደግሞ «ሳባሪ» ይላል፤ በዲዩላ ቋንቋ የምሕረት ልመና ነው፣ እኛ «በፈጠረህ» እንደምንለው። ቋንቋውን አንዲት ቃል አልሰማም፣ ግን መጀመሪያ የሰማሁት ቀን ልመና መሆኑ ያለ አስተርጓሚ ገብቶኛል። በዚያን ጊዜ ፖሊስን በሸክላ ላይ እንዲህ መናገር ድፍረት ይጠይቅ ነበር። ዜማውም የጃማይካ ግልባጭ አይደለም፤ ሬጌው በዲዩላ ሲዘፈን ቃላቱ ራሳቸው ምቱን ወደ ሌላ ቦታ ይጎትቱታል።

ጉድለት አለው? አለው። አቀዳዱ ሳሳ ይላል። ብሎንዲ በ1986 ለ«ጀሩሳሌም» ጃማይካ፣ ኪንግስተን ድረስ ሄዶ፣ በቦብ ማርሊው የተፍ ጎንግ ስቱዲዮ፣ ከማርሊ ባንድ ከዌይለርስ ጋር ከቀዳው ጋር አስተያዩት። እዚያኛው ላይ ባሱ ሆድ ውስጥ ይገባል። ትልቅ ድምፅ ማጉያ ያለው እና የድምፅ ጥራት ከምንም በላይ የሚያሳስበው ሰው «ጀሩሳሌም»ን ቢይዝ አይቆጨውም። «ጃ ግሎሪ» ላይ ግን ገና የሚሞክር፣ ገና የተራበ ሰው አለ፣ ለኔ እሱ ይበልጥብኛል።

ወደ ዱቤ እንምጣ። (ስሙ ዱቤ ይሁን እንጂ ሸክላው በዱቤ አይገኝም።) ላኪ ዱቤ መጀመሪያ የሚታወቀው ምባቃንጋ በሚባለው የደቡብ አፍሪካ የጭፈራ ሙዚቃ ነበር፣ በዙሉ እየዘፈነ። በ1984 «ራስታስ ኔቨር ዳይ» የምትባል አጭር የሬጌ ሸክላ አወጣ። አልተሸጠችም፤ የአፓርታይድ መንግሥትም አገዳት። እና ዛሬ ሰብሳቢዎች የሚሻሙባት ለዚህ ነው፤ ከሙዚቃው ይልቅ ታሪኳና ብርቅነቷ ናቸው የሚሸጡት። መስማት ለሚፈልግ ሰው አልመክራትም። ተከትሎ በ1985 የወጣውን «ቲንክ አባውት ዘ ችልድረን» ወይም የ1987ቱን «ስሌቭ» ውሰዱ። በተለይ «ስሌቭ»! ርዕሱን ያየ ሰው ስለ ባርነት ታሪክ ይመስለዋል፣ ዘፈኑ ግን የመጠጥ ባሪያ ስለሆነ ሰው ነው። የሴቶቹ ቅብብል ከምባቃንጋ ቤት ቀጥ ብሎ የመጣ ነው፣ ኪቦርዱ የሰማንያዎቹ ነው፣ እና ለአንዳንድ ጆሮ ሊበዛ ይችላል። የድሮ፣ ሻካራ ድምፅ የምትወዱ ከሆነ እዚህ አታገኙትም።

ማጀክ ፋሼክም አለ፣ ናይጄሪያዊው፣ «ፕሪዝነር ኦቭ ኮንሸንስ»፣ 1988። ጥሩ ነው፣ ግን «የመጀመሪያዎቹ» ለማለት ትንሽ ዘገየ። የኛው የዳሎል ባንድ ልጆችም በዚያው ዓመት ከቦብ ማርሊ ልጅ ከዚጊ ማርሊ ጋር አልበም ሠርተዋል፤ የተቀዳው አፍሪካ ውስጥ ስላልሆነ ለዚህ ወሬ አይመጥንም እንጂ እሱም አንድ ቀን ራሱን የቻለ ወሬ ይወጣዋል።

አሁን ዋናው፦ በምን ይገዛ? ኦሪጅናል ሸክላ ያምራል፣ ግን ምን ያህል ቤት እንደዞረ አስቡት። የድግስ ሸክላ ነው፣ በደነዘ መርፌ ተጫውቷል፣ የባሕር ዳርቻ ወበቅ ሽፋኑን አሻግቶታል። የኦኮሱንስን ኦሪጅናል ብዬ በኢንተርኔት የገዛሁት ነገር ደርሶኝ ስከፍተው ሽፋኑ አዲስ ማተሚያ ቤት ይሸታል። ፊት ለፊቱ ላይ ያሉት ትንንሽ ፊደላት ዳር ዳራቸው ደብዝዟል፣ ከሌላ ሽፋን ላይ ስካን ተደርገው። ገለበጥኩት፤ ጀርባው ላይ ባርኮድ! በ1977 ማን ሸክላ ላይ ባርኮድ ያትም ነበር? ሻጩ የላከልኝ የፊቱን ፎቶ ብቻ ነበር፣ እኔም የኋላውን አልጠየቅኩም። ስለዚህ የጀርባውን፣ የመሃሉን ወረቀት እና ሙዚቃው ካለቀ በኋላ ባለው ባዶ ቀለበት ላይ የተጫረውን ቁጥር በፎቶ ጠይቁ። ቁጥሩ ከሚታወቀው የመጀመሪያ እትም ጋር ካልገጠመ ድጋሚ የታተመ ነው።

ድጋሚ የታተመ ማለት መጥፎ ማለት አይደለም እኮ። ከዋናው ማስተር ቴፕ፣ ማለትም ከስቱዲዮው የመጀመሪያ ቅጂ ተወስዶ በፈቃድ የታተመ ከሆነ ከተጫጫረ ኦሪጅናል ይሻላል፣ ለመስማት እኔ እሱን ነው የምመርጠው። የሚያናድደው በኦሪጅናል ዋጋ ሲሸጥላችሁ ነው። ለዱቤ ደግሞ ሲዲ ይበቃል፤ የዚያ ዘመን አቀዳድ በሲዲ ጥርት ብሎ ይወጣል፣ እንደ ልብም ይገኛል።

ካሴት ርካሹ ነው፣ ምዕራብ አፍሪካ ውስጥም ይህ ሙዚቃ በብዛት የዞረው በእሱ ነው፣ አብዛኛው ግን የቅጂ ቅጂ ነው። ከገዛችሁ ከማጫወታችሁ በፊት በእስክሪብቶ ጠቅልላችሁ ቴፑ እንደልብ መዞሩን እዩ፣ ከዚያ ከፊት በኩል ከቴፑ ኋላ ያለችውን ትንሽ ስፖንጅ ፈልጉ። እሷ ወድቃ ከሆነ ድምፁ ይታፈናል፣ ከሌላ ካሴት ነቅሎ መለጠፍ ደግሞ የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው።