ለአባዬ አኳሪየም ክዳን የሠራልን ልጅ፣ እጅህ ይባረክ!

ሰላም ወገኖቼ። ዛሬ የምጽፈው ለማመስገን ነው። በአባቴ አኳሪየም ምክንያት ብዙ ከተንገላታንና ብዙ ገንዘብ ካባከንን በኋላ፣ ሥራውን የሚያውቅ ሰውም የሚያከብር ባለሙያ አገኘን። እንዲህ ዓይነት ሰው ሲገኝ ዝም ማለት ነውር ስለሆነ፣ ቤታችሁ ዓሣ ያላችሁ ወይም ለመግዛት ያሰባችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

አባዬ ስትሮክ ከመታው ወዲህ ቀኝ እጁ አይታዘዘውም። ከቤት መውጣቱም ቀርቷል። ታናሽ ወንድሜ ‹የሚያየው ነገር ይኑረው› ብሎ 80 ሳንቲ ሜትር የሚሆን አኳሪየም ገዝቶለት ሳሎን ከቡፌው አጠገብ አስቀመጥነው። ከዚያ ወዲህ አባዬ ሌላ ሰው ሆነ ብላችሁ እመኑኝ። ጠዋት ጸሎቱን እንደጨረሰ የሚሄደው ወደ ዓሦቹ ነው። ለእያንዳንዳቸው ስም አውጥቶላቸዋል። ከሐኪም ቤት ስንመልሰው ጋቢውን ሳያወልቅ ቆሞ ያያቸዋል። አንድ ዓሣ ሞቶ ያደረ ቀን ታዲያ ቁርስ አይቀምስም፤ ከማንም ጋር አያወራም። እናቴም ከእሱ እኩል ትከፋለች።

ችግሩ የጀመረው ከክዳኑ ነው። አኳሪየሙን የሸጠልን ሰው ‹ዓሣ አየር ይፈልጋል፣ ክዳን የሚባል ነገር አያስፈልግም፣ ክፍት ተዉት› አለን። ባለሙያ ነው ብለን ተውነው። እናቴ ቤት ስትጠርግ ከቡፌው ሥር ደርቆ የቀረ ዓሣ አገኘች። ብዙም ሳይቆይ ምንጣፉ ላይ ሌላ። ሌሊት እየዘለሉ ይወጣሉ ለካ። ስንደውልለት ምን ቢለን ጥሩ ነው? ‹ሲያልቁባችሁ ኑ፣ በቅናሽ እሰጣችኋለሁ›። የሚያልቅ ሽንኩርት አደረጋቸው!

ሌላ ቤት ሄድን። እዚያ ደግሞ ‹ክፍት አድርጋችሁ ነው እንዴ የምታኖሩት?› ብለው ተቆጥተው፣ ዙሪያውን ግጥም ያለ አንድ ወጥ መስታወት ቆርጠው ላኩልን። ጠርዙ እንደተቆረጠ ነው የመጣው፤ እናቴ ስታነሳው መዳፏን ሰነጠቃት። ዓሦቹ መዝለላቸው ቀረ፤ ግን መብራት ጠፍቶ ባደረ ቁጥር ጠዋት ስናያቸው ሁሉም ውሃው አናት ላይ ወጥተው አፋቸውን ይከፍታሉ። የመብራቱ መያዣ በእንፋሎቱ ዛገ። ከሁሉም የከፋው ደግሞ አባዬ ያን ከባድ መስታወት በአንድ እጁ ማንሳት አለመቻሉ ነው። የሚያበላለት ሰው እስኪመጣ የዓሦቹን ምግብ በጉልበቱ ላይ ይዞ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ይህንን ደውዬ ስነግራቸው የተሰጠኝ መልስ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል፦ ‹ለታመመ ሽማግሌ ዓሣ ምን ያደርግለታል?› ስልኩን ዘጋሁት። ከዚያ በኋላም ቀብድ ተቀብሎ የውሃ ሽታ የሆነ ሰው አለ። ስማቸውንም ሰፈራቸውንም አልጠራም፤ ለፈጣሪ ሰጥቻቸዋለሁ።

ተስፋ ቆርጠን ዓሦቹን ለሰው ልንሰጥ ስንል የሥራ ባልደረባዬ ስለዚህ ልጅ ነገረችኝ። ደወልኩ፤ ቅዳሜ ከሰዓት መጣ። ጫማውን በር ላይ አውልቆ ገባና አባዬን ዝቅ ብሎ ሰላም አለው። እኔ ሜትር አውጥቶ ይለካል ብዬ ስጠብቅ እሱ ወንበር ስቦ አጠገቡ ተቀመጠ። ‹አባባ፣ እስቲ ሲያበሏቸው ልይ› አለው። አባዬ በግራ እጁ ምግቡን ቆንጥሮ በተነላቸው። ልጁ ዓሦቹን አይደለም ያየው፤ የአባዬን እጅ ነው። ከየት ተነሥቶ የት እንደሚደርስ፣ የት ላይ እንደሚንቀጠቀጥ ዝም ብሎ አየ። ከዚያም ‹የሚያበሉበት በር በዚህ በግራ ጥግ ይሆናል አባባ፣ ማንንም መጥራት አይኖርብዎትም› አለው። እናቴ ወደ ጓዳ ገብታ አለቀሰች። ስንቱ መጥቶ ሲሄድ የአባዬን እጅ ያየ ሰው አልነበረማ!

ቀጥሎ እኛን መጠየቅ ጀመረ። ሌሊት ቤቱ ይበርዳል? መብራት ሲጠፋ ስንት ሰዓት ይቆያል? ቡና የምታፈሉት የት ነው? ትንኝ ሲበዛ ፍሊት ትነፋላችሁ? እናቴ ረከቦቱን የምታስቀምጠው ከአኳሪየሙ ጎን ነበር። ፍሊትም እንነፋለን። ፍሊት ለዓሣ ጽኑ መርዝ መሆኑን፣ ክፍት ውሃ ላይ የሚያርፈው ብናኝ ብቻ ሊጨርሳቸው እንደሚችል የሰማነው ከእሱ ነው። የአየር ፓምፑ የቤቱን አየር እየሳበ ውሃው ውስጥ ስለሚያስገባ፣ ክዳን ቢኖርም እንኳ ፍሊት በሚነፋበት ክፍል ፓምፑ መጥፋት አለበት፤ የሚሻለው ግን እዚያ ክፍል ጨርሶ አለመንፋት ነው አለን። የቡናውም ጭስ በዚያው በፓምፑ እንዳይገባ ረከቦቱ በዚያው ቀን ወደ በረንዳው ወጣ።

ክዳን ይሻላል ወይስ ክፍት ብዬ ጠየቅኩት። ካስረዳኝ ውስጥ ስለ ፓምፑና ስለ ሂተሩ (ውሃውን ስለሚያሞቀው ዕቃ) ያለውን ብዙም አልያዝኩትም፤ የያዝኩትን ግን ላካፍላችሁ። ዓሣ የሚተነፍሰው ውሃ ውስጥ የሟሟውን ኦክስጅን ነው፤ እሱም የሚገባው በውሃው ገጽ በኩል ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ ሳሳ ያለ ነው፤ ውሃውም በባሕር ዳርቻ ከተሞች ካለው ያነሰ ኦክስጅን ነው የሚይዘው። ስለዚህ ግጥም አድርጎ መዝጋት፣ በተለይ መብራት ጠፍቶ ፓምፑ በቆመበት ሌሊት፣ ያፍናቸዋል። ክፍት ሲሆን ደግሞ ውሃው ሲተን ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል። እኛ ያለነው ጉለሌ፣ ከእንጦጦ ግርጌ ነው፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውጪው ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል። የአባዬ ዓሦች ስዎርድቴይል የሚባሉት ናቸው፤ ዘራቸው ከሜክሲኮና ከመካከለኛው አሜሪካ ስለሆነ ሞቅ ያለ ውሃ፣ 25 ዲግሪ አካባቢ፣ ይስማማቸዋል፤ መዝለልም ይወዳሉ። ክፍት በነበረ ጊዜ ሂተሩ ሌሊቱን ሙሉ ሳያርፍ ያድር የነበረው ለዚህ ነው። መስታወቱ ላይ የነበረውን ነጭ መስመርም አሳየን፤ ውሃው ሲተን ጨዉ ማንቆርቆሪያ ሥር እንደሚቀረው እዚያው ይቀራል። የጎደለውን ስትሞሉ ደግሞ የቧንቧ ውሃ ቀድታችሁ ቢያንስ አንድ ቀን ክፍት ዕቃ ውስጥ አሳድሩት፣ ክሎሪኑ ይውጣለት ብሎ አስጠነቀቀን።

የሠራልን ሁለት ቁራጭ መስታወት ነው። ከአኳሪየሙ ጠርዝ ትንሽ ዝቅ ብለው ስለሚቀመጡ ላቡ ተንጠባጥቦ ወደ ውሃው ይመለሳል እንጂ ወደ ውጪ አይፈስም። በስተኋላ በኩል ክፍት ቦታ ትቶ በትንኝ ወንፊት ሸፈነው፤ አየር ይገባል፣ ዓሣ ግን አይወጣም። መብራቱን ከመስታወቱ በላይ ከፍ አድርጎ አሰረው። በግራ ጥግ ደግሞ የአባዬ በር አለ፤ ትንሽ ናት፣ መያዣ ያላት፣ በሁለት ጣት የምትነሣ።

ይህን ሁሉ ከጨረሰ በኋላ ይሄዳል ስንል ግቢ ወጥቶ በርጩማ ላይ ተቀመጠና ያችን ትንሽ በር በብርጭቆ ወረቀት ውሃ እየነከረ ይሞርዳት ጀመር። ጠርዟን አንድ በአንድ ይሞርድና የገዛ ክንዱን ውስጥ ውስጡን ያሻሽበታል። ቆዳውን ከቧጨረችው እንደገና ይሞርዳል። መሽቷል፣ እናቴ እራት ብላ ብትለምነው ‹ይህችን ልጨርስ እማማ› ይላል። ሲጨርስ ለአባዬ ይዞለት ገባ፤ ‹አባባ ይዳስሷት›። አባዬ በዚያ በማይታዘዘው ቀኝ እጁ ዳሰሳት። ‹እጅህን ያለምልመው ልጄ› ሲለው እኔ ቆሜ መስማት አቃተኝ። ለዚህ የተጨመረ ገንዘብ የለም። በስልክ የተነጋገርነውን ተቀበለ፤ እናቴ ልትጨምርለት ብትል እጇን ያዛት።

ሐቀኝነቱንም ልንገራችሁ። የእኛን ያየች ጎረቤታችን ለራሷም እንዲህ ያለ መስታወት እንዲሠራላት ጠራችው። የእሷ ግን ጎልድፊሽ ናቸው። ‹የእርስዎ ዓሦች ቀዝቀዝ ያለ ውሃ ይስማማቸዋል፣ ሂተርም የለዎትም፣ ወንፊቱ ብቻ ይበቃዎታል› ብሎ መስታወቱን ሳይሸጥላት ተመለሰ። ከዚያ በፊት ያየናቸው ቢሆኑ ሁለት ክዳን ይሸጡላት ነበር! ሰፈራችን መብራት ጠፍቶ ባደረ ማግስትም ማንም ሳይጠራው ‹አባባ ዓሦቹ እንዴት አደሩ?› ብሎ ይደውላል። አባዬ አሁን የእሱን ስልክ ከእኛ ስልክ በላይ ነው የሚጠብቀው።

ወገኖቼ፣ አደራ፣ ይህን ልጅ ተጠቀሙበት። አኳሪየም የምትገዙም ከመግዛታችሁ በፊት አማክሩት፤ ምክሩን በነጻ ነው የሚሰጠው። እንዲህ ዓይነቱን ሰው ሥራ ካላበዛንለት ማንን ልናበረታታ ነው? ስሙንና ስልኩን እዚህ አደባባይ ላይ አላወጣም፤ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ለሁላችሁም እልካለሁ። በሥራ ቀናት ሌላ መተዳደሪያ ስላለው የሚመጣው ቅዳሜና እሑድ ነው፤ እሑድም ከቅዳሴ በኋላ። ስትደውሉለት የአኳሪየሙን ርዝመትና ስፋት ለክታችሁ፣ የዓሦቹን ዓይነት አውቃችሁ ጠብቁት፤ ካላወቃችሁም ፎቶ አንሥታችሁ ላኩለት። ቡና የምታፈሉበትንም መጠየቁ አይቀርም።