ጋቢ በዎርድፕረስ፦ ከወራት በኋላ ከደብረ ማርቆስ

ጋቢ፣ ነጠላና ቡሉኮ እሸጣለሁ። ሸማኔዎቹ ያሉት ደብረ ማርቆስና ዙሪያዋ ነው፤ ገዢዎቼ ግን አብዛኞቹ አዲስ አበባና ውጭ አገር ናቸው። ኮድ አልችልም። ዲዛይን ላይም ቢሆን ከለሩ ዓይን ካልወጋ ይበቃኛል። የኢንተርኔት ሱቄ ከመስከረም ጀምሮ የሚሠራው በዎርድፕረስ (ድረ ገጽ መሥሪያ ፕሮግራም) እና በላዩ ተጭኖ ገጹን ሱቅ በሚያደርገው ዉኮሜርስ ነው። ሁለቱም በነፃ የሚገኙ ናቸው። አሁን ክረምት ገብቷል፤ አፌን ሞልቼ ማውራት እችላለሁ።

ሱቁን መክፈቱ ቀላል ነው። ሰርቨር (ድረ ገጹ የሚቀመጥበትን ኮምፒውተር) የሚያከራዩት ብዙዎቹ ዎርድፕረስን ራሳቸው ይጭኑላችኋል። ስቶርፍሮንት የሚባለውን ነፃ ቴም፣ ማለትም የገጹን መልክ የሚወስን ንድፍ፣ መረጥኩ። ጌጥ የለውም፣ ግን ስልክ ላይ አይበላሽም። ዋጋን በብር ማድረግ ከሴቲንግ መምረጥ ብቻ ነው። አማርኛው ግን በየስልኩ የተለያየ መልክ ይይዝ ነበር፤ አብዛኛው ቴም ይዞት የሚመጣው ፎንት ለላቲን ፊደል የተሠራ ነዋ። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ የተባለውን የግዕዝ ፊደል ፎንት ጭኜ የመስመሩን ክፍተት ሰፋ ሳደርገው ተገላገልኩ።

ጊዜዬን የበላው ፎቶው ነው። ነጭ ጋቢ ነጭ ግድግዳ ላይ ሲነሳ ካሜራው ግራጫ ያደርገዋል። ጠቆር ያለ የእንጨት በር ላይ ሰቅዬ፣ ጠዋት ጥላ ውስጥ ሳነሳው ፈትሉ ሳይቀር ይታያል። ጥለቱን ለብቻው በቅርበት አነሳለሁ። ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ክሩ ነው፦ የእጅ ፈትል ነው ወይስ የፋብሪካ? የስልክ ፎቶ ከባድ ስለሆነ ከ200 ኪሎባይት በታች አውርጄ ነው የምጭነው። አለበለዚያ በእኛ ኔት ገጹ እስኪከፈት ቡና ተፈልቶ ይጠጣል።

ክፍያው ላይ ዉኮሜርስ የኛን አገር አያውቅም። ይዞት የሚመጣው የባንክ ዝውውር፣ ቼክና ዕቃ ሲረከቡ መክፈል ነው። ቻፓ የተባለው የአገር ውስጥ የክፍያ አገልግሎት ለዉኮሜርስ የሚሆን ፕለጊን (ተጨማሪ ፕሮግራም) አለው፤ በእሱ በኩል ቴሌብርም ይሠራል። የኔ ደንበኞች ግን አሁንም ባንክ አስገብተው የደረሰኙን ስክሪንሾት በቴሌግራም መላክ ይመርጣሉ። ውጭ ያለው ገዢ ይብሳል። የካርድ ክፍያ የሚቀበለው ስትራይፕ ኢትዮጵያ ውስጥ ላለ ነጋዴ አካውንት አይከፍትም። ስለዚህ ጋቢውን ዋሽንግተን ያለችው እህት ትመርጣለች፣ ብሩን አዲስ አበባ ያለው ወንድሟ ይከፍላል።

የአድራሻ ቅጹ ደግሞ የመንገድ ስምና የቤት ቁጥር ይጠይቃል። ሰዎች የሚሞሉት «ቦሌ ሚካኤል፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ ስትደርሱ ደውሉ» ነው። ትክክል ናቸው። ስልክ ቁጥሩን ግዴታ አደረግሁት፤ ሌላውን ደውለን እንጨርሳለን።

ማንም ሳይነግረኝ የደረስኩበት ነገር ይኼ ነው። ሰርቨሩ ያለው ውጭ አገር ስለሆነ እዚህ መብራት ቢጠፋ፣ ኔት ቢቋረጥ ሱቁ አይዘጋም። ደስ ይላል። ግን ሱቁ ክፍት ሆኖ ባለሱቁ የለም ማለት ነው። ኔት ሲመለስ ትዕዛዝ ተከማችቶ፣ መልስ ያጣ ሰው ተቆጥቶ ይጠብቃል። የእጅ ሥራ ደግሞ መንታ የለውም፤ አንዱን ጋቢ ሁለት ሰው ከከፈለበት ጣጣ ነው። መድኃኒቱ እዚያው መሣሪያው ውስጥ አለ፦ የክምችት ቁጥጥሩን አብርቼ እያንዳንዱን ጋቢ ለየብቻው፣ ብዛቱን አንድ ብዬ መዘገብኩ። ከታዘዘ በራሱ «አልቋል» ይላል። እዚያ የወጣውን ጋቢ እቤት ድረስ ለመጣ ጎረቤት እንኳ አልሸጥም። አኩራፊ አልጠፋም።

ወጪው? የሰርቨር ኪራይና ዶሜይን (የድረ ገጹን አድራሻ) የምከፍለው በዶላር ነው። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 2016 ምንዛሪውን ለገበያ ከለቀቀው ወዲህ ይህ በብር ሲሰላ ቀላል አይደለም። የአንደኛው ዓመት ዋጋ ብዙ ጊዜ ማባበያ ነው፤ ስትገዙ የማደሻውን ዋጋ እዩ። ፕለጊን አታብዙ፤ ገጹን ያከብዳል። አፕዴት ከማድረጋችሁ በፊትም ባክአፕ (የገጹን ቅጂ) ያዙ።

ገዢያችሁ እዚሁ ደብረ ማርቆስ ወይም ፍኖተ ሰላም ከሆነ ይህ ሁሉ አያስፈልጋችሁም፤ የቴሌግራም ቻናል ይበቃል። ገዢው ሩቅ ከሆነና አይቷችሁ የማያውቅ ከሆነ ግን ዋጋ፣ ፎቶና ስልክ ቁጥር በአንድ ቦታ የተቀመጠበት ሱቅ ያስፈልጋችኋል። ከኔ የሚገዙት አብዛኞቹ መጀመሪያ ገጹን አይተው፣ ከዚያ ደውለው ነው የሚስማሙት። ኪራዩን በዚህ ወር አድሳለሁ፤ ለአንድ ዓመት ብቻ።