«675 እጥፍ ያጎላል» ከሚል ካርቶን ተጠንቀቁ

የገዛሁት ቴሌስኮፕ ካርቶን አሁንም ቁም ሳጥኑ ላይ ተቀምጧል። ፊቱ ላይ ወርቃማና ሰማያዊ ቀለም የተነከረ ኔቡላ፣ ጠፈር ላይ ያለ የጋዝና የአቧራ ደመና፣ ተስሏል። ከሥሩ በትልቁ «675 እጥፍ!» ይላል። ጎኑ ላይ ደግሞ «የጋላክሲ ፎቶ ማንሻ ሙሉ ስብስብ» የሚል ጽሑፍ አለ። ጉድ የሠራችኝ «ሙሉ» የምትለዋ ቃል ናት። ለወራት ያጠራቀምኩትን ገንዘብ ቆጥሬ ሰጠሁ፤ ካርቶኑን ታቅፌ እየሮጥኩ ማለት ይቻላል ቤት ገባሁ። ከጓሯችሁ ሆናችሁ ጋላክሲና ኔቡላ ፎቶ ለማንሳት ያሰባችሁ ካላችሁ፣ ከመክፈላችሁ በፊት ይቺን አንብቡ።

መጀመሪያ የካርቶኑ ፎቶ። ያ ኔቡላ «የፍጥረት ምሰሶዎች» የሚባለው ነው፤ ሐብል የጠፈር ቴሌስኮፕ እ.ኤ.አ. በ1995 ያነሳው። የሐብል ዋና መስታወት ወርዱ 2.4 ሜትር ነው። የኔው 114 ሚሊ ሜትር። ሒሳቡን ሠራሁት፤ ሐብል የሚሰበስበው ብርሃን የኔው ከሚሰበስበው ከ400 እጥፍ በላይ ነው። በዚያ ላይ እሱ ከአየሩ በላይ ነው ያለው፤ እኔ ደግሞ ከጎረቤት አምፖል ሥር። ካርቶኑ ፎቶው በዚህ ዕቃ ተነሳ አይልም። አልተነሳም ብሎም አይናገርም። ዝም ነው ያለው። ቀሪውን በራሴ ምኞት የሞላሁት እኔ ነኝ።

ቀጥሎ ቁጥሩ። 675 ከየት መጣ? የቴሌስኮፑ የትኩረት ርቀት፣ ማለትም ከመስታወቱ እስከ ምስሉ የሚሰበሰብበት ቦታ ያለው ርቀት፣ 900 ሚሊ ሜትር ነው። ስንት እጥፍ እንደሚያጎላ ለማወቅ ይህን ዓይናችንን በምናስጠጋበት በዓይን ሌንሱ የትኩረት ርቀት ማካፈል ነው። ካርቶኑ ውስጥ ያለችው ትንሿ ሌንስ 4 ሚሊ ሜትር ናት፤ ስለዚህ 225። ባርሎው የሚባለውን ሦስት እጥፍ የሚያጎላ ሌንስ ሲጨምሩበት 675 ይሆናል። ሒሳቡ ልክ ነው፤ ውሸት የለበትም። ግን የማጉላት ጥቅም ወሰን አለው። በመስታወቱ ስፋት ለእያንዳንዱ ሚሊ ሜትር ሁለት እጥፍ ገደማ፣ እሱም አየሩ ሲረጋ። ለ114 ሚሊ ሜትር 228 አካባቢ ማለት ነው። ከዚያ በላይ ምስሉ ይተልቃል እንጂ አዲስ ነገር አይወጣውም። ጁፒተርን በ675 አየኋት። ጭጋግ ውስጥ የበራ አምፖል ነው የምትመስለው፤ እሱም የሚንቀጠቀጥ።

ለፎቶ ሲሆን ደግሞ ቁጥሩ ጭራሽ ከጉዳዩ ጋር አይገናኝም። ብዙዎቹ ዝነኛ ጋላክሲዎችና ኔቡላዎች ከዓይናችን የሚሰወሩት ስላነሱ ሳይሆን ስለደበዘዙ ነው። አንድሮሜዳ ጋላክሲን፣ ኤም 31 የሚባለውን፣ ውሰዱት። 2.5 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ይርቃል፤ ሆኖም ሰማይ ላይ ከዳር እስከ ዳር 3 ዲግሪ ገደማ ይይዛል። ስድስት ሙሉ ጨረቃ ጎን ለጎን ብትደረድሩ ነው። የኔ ካሜራ በዚህ ቴሌስኮፕ የሚያየው 1.5 በ1 ዲግሪ ብቻ ነው። ማለትም የመጀመሪያ ዒላማዬ ያደረግኩት ጋላክሲ ፍሬሙ ውስጥ አይገባም! ይህን የነገረኝ የለም። እኔም አልጠየቅኩም።

የመጀመሪያዋን ሌሊት ልንገራችሁ። ጨረቃ የሌለችበት፣ ጥርት ያለ ሰማይ ጠብቄ ጓሮ ወጣሁ። ካሜራውን ገጠምኩ። አንድ ደማቅ ኮከብ መሃል አስገብቼ ትኩረቱን ወደ ውስጥ ማዞር ጀመርኩ። ኮከቡ መሃሉ ቀዳዳ ያለው ቀለበት ነው። ሳዞር ቀለበቱ እያነሰ መጣ። ደስ አለኝ። ትንሽ ቆይቶ ማዞሪያው ጠቅ ብሎ ቆመ። ቀለበቱ ግን ገና ቀለበት ነው። መለስኩት፣ እንደገና አዞርኩት፣ ገፋሁት፤ ያው ነው። ግማሽ ሰዓት ያህል ጥፋቱ የኔ መስሎኝ ከራሴ ጋር ስጣላ ቆየሁ።

በኋላ ነው የገባኝ። እንዲህ ያሉ በመስታወት የሚሠሩ ርካሽ ቴሌስኮፖች ብዙዎቹ የተሠሩት ለዓይን ነው። ምስሉ የሚሰበሰብበት ቦታ ከቱቦው ብዙም አይወጣም። የካሜራ ሴንሰር፣ ምስሉን የሚቀበለው ክፍል፣ ደግሞ ከፊት አፉ ወደ ውስጥ ገባ ያለ ነው፤ መስታወት ባላቸው ዲኤስኤልአር ካሜራዎች 44 ሚሊ ሜትር አካባቢ። መገጣጠሚያው ሲጨመርበት ሴንሰሩ ምስሉ ካለበት ቦታ አልፎ ይቀራል። ጥቂት ሳንቲ ሜትር ጎደለኝ። ያቺ ጥቂት ሳንቲ ሜትር ናት እንግዲህ ዕቃውን «የፎቶ» የምታስብለው ወይም የማታስብለው።

ሻጩ ጋ ደወልኩ። «ወንድሜ፣ ባርሎዋን ጨምርበታ፤ እሷ ታወጣልሃለች» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ባርሎው ምስሉን ወደ ውጭ ያወጣዋል። ግን ሦስት እጥፍ ሲያጎላ ያው ብርሃን ዘጠኝ እጥፍ ሰፋ ባለ ቦታ ላይ ይበተናል። ሲጀመርም ደብዛዛ ለሆነ ጋላክሲ ይህ የሞት ፍርድ ነው። አንድ ደቂቃ ይበቃ የነበረው ዘጠኝ ደቂቃ ይጠይቃል። ዘጠኝ ደቂቃ ደግሞ ወደ ዋናው በሽታ ያመጣናል።

ዋናው በሽታ እግሩ ነው።

እግር ስል ቴሌስኮፑን የሚሸከመውን፣ ከሰማዩ ጋር የሚያዞረውን ክፍል ነው፤ ማውንት ይሉታል። ካርቶኑ ላይ ቱቦው ግንባር ላይ ሲንቆጠቆጥ ማውንቱ ጥግ ላይ ነው ያለው፣ ግማሹ ተቆርጦ። የሰማይ ፎቶ ላይ ግን ገንዘብ የሚበላው እሱ ነው፤ መብላትም ያለበት እሱ ነው። ለምን? ምድር ስለምትዞር ኮከቦች በሰከንድ 15 የቅስት ሰከንድ ያህል ይንሸራተታሉ፤ አንድ የቅስት ሰከንድ የአንድ ዲግሪ 3600ኛ ክፍል ናት። ትንሽ ትመስላለች። በ900 ሚሊ ሜትር፣ በኔ ካሜራ ሲሰላ ግን በአንድ ሰከንድ ወደ 17 ፒክስል ነው። አንድ! ለ30 ሰከንድ ካሜራውን ከፍታችሁ ማውንቱ ካልተከተለ ኮከባችሁ 500 ፒክስል የሚረዝም ጭረት ይሆናል። ማውንቱ ይህን ሁሉ በትክክል መሻር አለበት፤ ሳይፈጥን፣ ሳይዘገይ፣ ሳይንገጫገጭ።

የኔው ስብስብ «ሞተር አለው» ተብሎ ነው የተሸጠው። አዎ፣ አለው። በ9 ቮልት ባትሪ የሚዞር፣ ፍጥነቱ በትንሽ ማዞሪያ በግምት የሚስተካከል ሞተር። እንደ ድሮ ሬዲዮ ድምፅ፣ ትንሽ ጨመር ቀነስ እያደረጋችሁ ነው። ለዓይን ሲሆን ክፋት የለውም፤ ፕላኔቷ እይታ ውስጥ ትቆይላችኋለች። ለፎቶ ግን ቀልድ ነው። ከ20 ፎቶ ውስጥ ኮከቡ ክብ ሆኖ የወጣው አንድ ነበር፤ እሱም የ5 ሰከንድ ነው። እግሮቹም ቀጭን ናቸው። ጣቴን ቱቦው ላይ ሳሳርፍ ምስሉ እስኪረጋጋ ስድስት እስክቆጥር እጠብቃለሁ። ነፋስ ሽው ካለ ሌሊቱ አለቀ።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ማውንት ላይ «ይህን ያህል ኪሎ ይሸከማል» የሚል ቁጥር ካለ፣ ለፎቶ ግማሹን ብቻ ነው የምታስቡት። ቁጥሩ ጭራሽ ካልተጻፈ ደግሞ መልሱን አግኝታችኋል። «ጂፒኤስ አለው፣ ራሱ ኮከብ ፈልጎ ያሳያል» የሚባለውም ቢሆን ወደ ላይና ወደ ጎን ብቻ የሚዞር ከሆነ ለረጅም ፎቶ ችግር አለው። ኮከቡን መሃል ይይዘዋል፤ በዙሪያው ያለው ሰማይ ግን ቀስ እያለ ይሽከረከራል። ረጅም ፎቶ የሚፈልገው አንዱ ዘንጉ ወደ ሰማይ ዋልታ፣ ሰማዩ ዙሪያውን ወደሚዞርበት ነጥብ፣ የሚያይ ማውንት ነው።

ካርቶኑ ውስጥ አንዲት ጥቁር ትንሽ መስታወትም ነበረች፤ ዓይን ሌንሷ ላይ የምትጠለፍ፣ «ለፀሐይ» የሚል የተጻፈባት። ይቺ ከገንዘብ ጉዳይ ትለያለች፤ አደጋ ናት። ቴሌስኮፑ የሰበሰበው የፀሐይ ሙቀት በሙሉ እሷ ላይ ነው የሚያርፈው። ድንገት ከሰነጠቀች ዓይናችሁን ለማንሳት ጊዜ የላችሁም። የዓይን ጀርባ ሲቃጠል ሕመም እንኳ አይሰማም። የፀሐይ ፊልተር የሚገጠመው ከቱቦው ፊት፣ ብርሃኑ ገና ሳይገባ ነው። እንዲህ ያለችውን ካገኛችሁ ልጆች እጅ ሳትገባ ሰብራችሁ ጣሏት።

ሻጩ በሦስተኛው ጥሪ ምን አለኝ? «የመንገድ መብራት ነው የሚያስቸግርህ፤ ፊልተር ግዛ።» ልገዛም ነበር፤ ቀድሜ ማንበቤ ነው ያዳነኝ። የድሮዎቹ ብርቱካናማ የሶዲየም መብራቶች ብርሃናቸው ጠባብ ቀለም ላይ፣ በሞገድ ርዝመት 589 ናኖ ሜትር አካባቢ ስለሚከማች ፊልተር ሊያስቀረው ይችል ነበር። ነጩ ኤልኢዲ ግን ሁሉም ቀለም ላይ ይዘረጋል። የጋላክሲ ብርሃንም እንዲሁ የኮከቦች ድምር ስለሆነ ሁሉም ቀለም ላይ ነው። ፊልተሩ አንዱን ሲከለክል ሌላውንም ይከለክላል። የሚያበሩ ኔቡላዎች ሌላ ነገር ናቸው፤ የሃይድሮጅናቸው ቀይ 656.3 ናኖ ሜትር ላይ ስለሆነ እሱን ብቻ የሚያሳልፍ ጠባብ ፊልተር በእርግጥ ይሠራል። ያም ሆኖ የተለመደ ካሜራ ይህን ቀይ አብዛኛውን ከሴንሰሩ ፊት ባለው መስታወት ስለሚያስቀረው ውጤቱ ከምትጠብቁት ያንሳል። «ፊልተር ግዛ» የሚል ሰው ኔቡላ ወይስ ጋላክሲ፣ ካሜራህስ ምን ዓይነት ነው ብሎ ካልጠየቃችሁ ዕቃ እያጸዳባችሁ ነው።

ሌላም ወጥመድ አለ፤ በአጭሩ። ቱቦው ክንድ የማይሞላ ሆኖ «1000 ሚሊ ሜትር» ከተባለ፣ ብዙውን ጊዜ ከትኩረት ማስተካከያው ውስጥ የተቀበረ ተጨማሪ ሌንስ አለ። መስታወቱን ማስተካከል ፈተና ነው፤ ምስሉም ሁሌ ለስለስ ያለ ነው። እለፉት።

ታዲያ ምን ጠይቃችሁ ትግዙ? እኔ ብመለስ አንድ ጥያቄ ብቻ ይዤ ነበር የምሄደው። «በዚህ ስብስብ፣ ምንም ሳይጨመር፣ የተነሳ አንድ ጥሬ ፎቶ አሳየኝ፤ ስንት ሰከንድ እንደሆነም ንገረኝ።» ተደራርቦ፣ ተቀብቶ፣ ተውቦ ያለቀውን ሳይሆን ጥሬውን። 60 ሰከንድ ሆኖ ጥጉ ላይ ያሉት ኮከቦች ክብ ከሆኑ ማውንቱ ደህና ነው። ሻጩ ወደ ካርቶኑ ፎቶ ከጠቆማችሁ ሰላም ብላችሁ ውጡ። የመመለሻ ጊዜውንም ከደመናው ጋር አስሉት። ሰባት ቀን ቢሰጣችሁና ሰባቱንም ደመና ቢሆን ዕቃውን ሳትሞክሩት የናንተ ሆነ ማለት ነው። እኔ የደረሰብኝ ይኸው ነው፤ ሰማዩ የጠራው ቀኑ ካለፈ በኋላ ነበር።

አሁን በምን እየሠራሁ ነው? ቱቦውን ተውኩት። የነበረችኝን ካሜራ፣ የነበረኝን 135 ሚሊ ሜትር ሌንስ፣ ለካሜራ ብቻ የተሠራች ሰማዩን የምትከተል አንዲት ትንሽ ማውንት ላይ ጫንኳት። በ135 ሚሊ ሜትር ያ የ17 ፒክስል መንሸራተት ወደ 2.5 ይወርዳል። ስህተትን ይቅር ይላል። የሚያየውም ወደ 10 በ6.6 ዲግሪ ስለሆነ አንድሮሜዳ ተንደላቅቆ ይገባል። የ60 ሰከንድ ፎቶ 120 ጊዜ አነሳሁ፤ ሁለት ሰዓት። ሲሪል በሚባለው ነፃ ፕሮግራም አንዱን በአንዱ ላይ ደራረብኩ። የመጀመሪያው ፎቶ ላይ ግራጫ እድፍ የነበረችው ነገር መጨረሻ ላይ የጨለሙ የአቧራ መስመሮች ወጡላት። ጥራቱ እጥፍ እንዲሆን ግን አራት እጥፍ ፎቶ ነው የሚጠይቀው። ስለዚህ ትዕግሥት ያልቃል፤ ዕቃው ግን አያልቅም።

ስልክ ላይ የሚታዘዙትን ትንንሽ «ስማርት» ቴሌስኮፖች ብትጠይቁኝ፣ ራሳቸው ይከተላሉ፣ ራሳቸው ይደራርባሉ፤ ከኔው ካርቶን በስንት ጣዕሙ። ያለ ስልክ መተግበሪያው እንደማይንቀሳቀሱ ግን እወቁ።

ባለፈው ሳምንት ስብስቡን ለመሸጥ ማስታወቂያ ጻፍኩ። መጀመሪያ እጄ የካርቶኑን ቃል ልትገለብጥ ነበር፤ «ሙሉ» ላይ ስደርስ አጠፋሁት። እንዲህ አልኩ፦ «ለጨረቃ፣ ለጁፒተር አራት ጨረቃዎችና ለሳተርን ቀለበት በዓይን ለማየት ደህና ነው። ከ228 በላይ አያጉሉበት። ጋላክሲ ፎቶ አያነሳም፤ ሞክሬዋለሁ። የፀሐይ መስታወቷ የለችም፤ ሰብሬ ጥያታለሁ።» አንድ ሰው ደውሎ «እንግዲያው ካርቶኑ ላይ ያለው ፎቶስ?» አለኝ። የሐብል ነው አልኩት። ሳቀና ለልጁ ወሰደው፣ ጨረቃ ሊያሳየው። ካርቶኑን ግን አልፈልግም ብሎ ትቶልኝ ሄደ።