ሳንት ኢኛዚዮ ቤተ ክርስቲያን፣ ሮም፦ ቀና ከማለትዎ በፊት ወለሉን ይፈልጉ

መግቢያው ነፃ ነው፤ ከፓንቴዮን በእግር ጥቂት ደቂቃ ነው። አብዛኛው ጎብኚ ገብቶ የሚሰለፈው ጣሪያውን ከሚያሳየው መስታወት ፊት ለፎቶ ነው። ሰልፉን ይለፉት። አንድሬያ ፖዞ ጣሪያውን የሳለው ወለሉ ላይ ለቆመ ሰው ዓይን ነው፣ ቦታውም ተመልክቷል፦ በአዳራሹ መሐል ክብ የእብነ በረድ ምልክት አለ። እዚያ ቆመው ቀና ሲሉ የእውነተኛው ግድግዳ ዓምዶች ሳይቋረጡ ሽቅብ ይቀጥላሉ፣ ጣሪያው ተከፍቶ ሰማይ ይታያል። ጥቂት እርምጃ ወደ ጎን ሲወጡ ግን ያው ዓምድ ሁሉ ይጋደማል። ሥዕሉ የተሰላው ለአንድ የዓይን ነጥብ ብቻ ስለሆነ ነው፤ ፖዞም ነጥቡን አላበዛም። ልክ ነበር እላለሁ።

ፖዞ እ.ኤ.አ. በ1642 ትሬንቶ ተወልዶ በ1665 ወደ ኢየሱሳውያን ማኅበር (የካቶሊክ መነኮሳት ማኅበር) ገባ፤ በ1709 ቪየና እስኪሞት ቅስና ያልተቀበለ የማኅበሩ አባል ነበር። ከ1691 እስከ 1694 በሠራው በዚህ ጣሪያ ዋናው ችግር ጎባጣነቱ ነው፦ ጎባጣ ላይ ቀጥ ብሎ የተሰመረ መስመር ከታች ሲያዩት ይጣመማል። መፍትሔውን በ1693 ባሳተመው የፐርስፔክቲቭ (ጥልቀትንና ርቀትን በጠፍጣፋ ነገር ላይ የማሳየት ጥበብ) መጽሐፉ አስፍሮታል። ቅስቱ ከሚጀምርበት ከፍታ ላይ የሲባጎ መረብ በካሬ በካሬ ይወጠራል። ሌሊት፣ የተመልካቹ ዓይን በሚያርፍበት ነጥብ መብራት ይቀመጣል፤ የሲባጎው ጥላ ጎባጣው ላይ ሲወድቅ በዚያው ይሰመራል። ርቀቱ በዝቶ ጥላው ከደበዘዘ፣ ከዓይኑ ነጥብ ክር እየወጠሩ ምልክት ያደርጋሉ። ከዚያ በወረቀት ያለው ንድፍ፣ በዚያው የካሬ ብዛት ተከፍሎ፣ ካሬ በካሬ ይገለበጣል።

ወደ መሠዊያው ሲቀርቡ ሁለተኛው ምልክት አለ፤ ይህ ለጉልላቱ ነው። ጉልላት ግን የለም። ሕንፃውን በ1626 የጀመረው ሌላው ኢየሱሳዊ፣ በጅራታም ኮከቦች ጉዳይ ከጋሊሊዮ ጋር የተከራከረው የሒሳብ ሊቅ ኦራዚዮ ግራሲ ነው፤ ጉልላቱ ሳይሠራ ቀረና ፖዞ በ1685 በጠፍጣፋ ሸራ ላይ ሳለው። ሰው የሚሳሳተው በቀጥታ ሥሩ ሄዶ መቆሙ ላይ ነው፤ ከዚያ ሲታይ የጠቆረ የተጣመመ ሳህን ይመስላል። በዘመኑ የነበሩ አርክቴክቶች፣ በጉልላቱ ላይ የተሳሉት ዓምዶች ከግድግዳ በወጡ ድጋፎች ላይ ቆመዋልና አይሆንም ብለው ነበር። ፖዞ የመለሰው፣ ድጋፎቹ ተሰብረው ዓምዶቹ ቢወድቁ አንድ ሠዓሊ ወዳጁ በራሱ ወጪ ሊያሠራቸው ዝግጁ መሆኑን ነው።

ቢኖኩላር ይያዙ። በጣሪያው ጎኖች አራቱ አህጉራት በሴት ተመስለዋል፤ አፍሪካን ከአዞዋ ይለዩዋታል።

ጊዜ ካለዎት ከሰዓት በኋላ ይምጡና ከዚህ ወደ ጄዙ ቤተ ክርስቲያን ይሻገሩ፤ በእግር አሥር ደቂቃ ይበቃል። እዚያ በስተግራ ያለው የቅዱስ ኢግናጥዮስ (የኢየሱሳውያን መሥራች፣ በጣሊያንኛ ሳንት ኢኛዚዮ) መሠዊያም የፖዞ ንድፍ ነው (1695–1699)። ዓምዶቹ በላፒስ ላዙሊ፣ ማለትም በሰማያዊ የከበረ ድንጋይ፣ ተለብጠዋል። በ11 ሰዓት ተኩል፣ በእነሱ 17፡30፣ በሙዚቃና በመብራት ታጅቦ ትልቁ ሥዕል ቁልቁል ይንሸራተትና ከኋላው የቅዱሱ ሐውልት ይገለጣል። ሩብ ሰዓት ቀድመው ደርሰው ፊት ለፊቱ ይቀመጡ፤ ከጎን ከሆኑ ሥዕሉ ሲወርድ አያዩትም።