«ሆርሞንህ 4 ነው» ካሉህ መርፌውን አትቀበል

ባሕር ዳር ውስጥ አንድ ክሊኒክ «የወንዶች ሆርሞን ፓኬጅ» እየሸጠ ነው። ስሙን አልጠቅስም። አሠራሩን ግን እወቁት፤ ነገ ደብረ ማርቆስ ወይም ፍኖተ ሰላም ላይ ሌላው ያንኑ ይዞ ሊመጣ ይችላል።

የደረሰው በእህቴ ባል ላይ ነው። የአይሱዙ ሹፌር ነው፤ ከቡሬ እህል ጭኖ ሌሊት ሌሊቱን ወደ አዲስ አበባ ይነዳል። ድካም ሲበዛበት ሊመረመር ሄደ። ደም የወሰዱለት ምሳውን በልቶ፣ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ነው። ቴስቶስቴሮኑ፣ ማለትም ዋናው የወንድ ሆርሞን፣ 4.1 ሆኖ ወጣ። ነጭ ጋውን የለበሰው ልጅ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ወረቀት እያሳየ፣ «ጤነኛ ወንድ ከ300 እስከ 1000 ነው፤ አንተ 4 ነህ» አለው። ማን አይደነግጥ! የስድስት ወር መርፌ ቀብድ እዚያው ከፈለ።

ማታ ውጤቱን ሲያሳየኝ ከቁጥሩ ጎን ያለው መለኪያ ናኖግራም በሚሊሊትር ነው። የግድግዳው ቁጥር ግን ናኖግራም በዴሲሊትር ነው። አንድ ዴሲሊትር 100 ሚሊሊትር ስለሆነ 4.1 ማለት 410 ማለት ነው። ሰውዬው ደህና ነው! በናኖሞል በሊትር የሚጽፍ ላብራቶሪ ቢሆን ደግሞ ያው ደም 14 ገደማ ይሆን ነበር። መለኪያውን ሳታዩ ቁጥር አትመኑ። የላብራቶሪ ባለሙያ ይህን አያውቅም ብትሉኝ አልቀበልም።

ሰዓቱም ራሱን የቻለ ጉድ ነው። ይህ ሆርሞን ጠዋት ከፍ ይላል፤ ከሰዓት ይወርዳል፤ ምግብም ዝቅ ያደርገዋል። ደሙ መሰጠት ያለበት ከጠዋቱ 1 እስከ 4 ሰዓት፣ በባዶ ሆድ ነው። ዝቅ ካለም በሌላ ቀን ጠዋት ይደገማል። እንቅልፍ ማጣት ራሱ ሆርሞኑን ያወርዳል፤ ሌሊቱን መሪ ይዞ ያደረን ሰው ከመመርመር በፊት ማስተኛት ነበር።

መርፌ የጀመራችሁም አላችሁ። እናንተን የሚሸውዱት በምርመራው ቀን ነው። ኢናንቴት የሚባለው የቴስቶስቴሮን መርፌ በተወጋችሁ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ደም ውስጥ ጣሪያ ይነካል፤ ቀጣዩ ሊደርስ ሲል ይወርዳል። በማግስቱ መርምረው «አየህ፣ ሠራ!» ይላሉ። በመጨረሻው ቀን መርምረው «ወርዷል፣ መጠኑን እንጨምር» ይላሉ። ለዚህ መርፌ ትክክለኛው ጊዜ በሁለቱ መርፌዎች መካከል ያለው ቀን ነው።

ፓኬጁ ውስጥ የሌለው ነገር ደግሞ ይብሳል። ቴስቶስቴሮን ደም ያወፍራል። ስለዚህ ሄማቶክሪት፣ ማለትም ቀይ የደም ሕዋስ ከደሙ የሚይዘው ድርሻ፣ መርፌው ከመጀመሩ በፊት፣ ከተጀመረ ከ3 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ፣ ከዚያም በየዓመቱ መታየት አለበት። ሲቢሲ በሚሉት ተራ የደም ሕዋስ ቆጠራ ምርመራ ላይ አለ፤ ውድም አይደለም። ከ54 በመቶ ካለፈ መርፌው ይቆማል። ዕድሜው ለገፋ ሰው የፕሮስቴት ምርመራ፣ ፒኤስኤ የሚሉት፣ ይጨመራል። ፓኬጁ ላይ አንዱም የለም።

እኔን ያናደደኝ ግን ሌላ ነው። አማቼ አንድ ልጅ ነው ያለው፤ ሁለተኛ ይፈልጋሉ። ከውጭ የሚገባ ቴስቶስቴሮን አንጎል ለዘር ፍሬ የሚልከውን ትእዛዝ ያቋርጣል፤ የወንድ ዘር ይቀንሳል፣ ጭራሽ ሊጠፋም ይችላል። ከቆመ በኋላ እስኪመለስ ወራት ይወስዳል። «ልጅ ትፈልጋለህ ወይ?» ብሎ የጠየቀው ሰው አልነበረም።

ቀብዱን ሊያስመልስ ሲሄድ «ደረሰኝ አምጣ» አሉት። ደረሰኝ መቼ ሰጡትና! ከመክፈላችሁ በፊት ደረሰኝ ጠይቁ፤ የውጤቱንም ዋና ወረቀት ያዙ፤ በስልክ በተነገራችሁ ቁጥር አትወጉ።

የጀመራችሁ በራሳችሁ አታቋርጡ። ወረቀቶቻችሁን ይዛችሁ የውስጥ ደዌ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። በእያንዳንዱ ውጤት ጀርባ ላይ የመጨረሻው መርፌ የተወጋበትን ቀንና ደም የሰጣችሁበትን ሰዓት ጻፉበት፤ ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው።