ቁራሽ እንጀራና ብርቱካን ይዘው ጂኦሜትሪ ላስተማሩኝ ጋሼ

ይህን ምስጋና ለመጻፍ ካሰብኩ ቆየሁ። ስማቸው በአደባባይ እንዲነሳ ስለማይፈልጉ ጋሼ ብቻ እላቸዋለሁ።

ፊዚክስ ተምሬ ባንክ ነው የምሠራው። የአንስታይንን የስበት እኩልታ ገብቶኝ ማንበብ ግን ከተማሪነቴ ጀምሮ የምመኘው ነገር ነው። ለዚያ ዲፈረንሺያል ጂኦሜትሪ (ጎባጣ ነገሮችን በካልኩለስ የሚያጠና ሒሳብ) እና ቴንሰር (የቦታ መለያ ዘዴው ቢቀየርም የሚገልጸው ነገር የማይቀየር የቁጥሮች ስብስብ) የግድ ናቸው። ከሥራ መልስ ማታ ማታ በራሴ ጀመርኩ። አንድ ዓመት ሙሉ የቴንሰሩን ኢንዴክስ፣ ማለትም ከጎኑ የሚጻፉትን ትንንሽ ፊደላት፣ ወደ ላይ ሳወጣ ወደ ታች ሳወርድ ከረምኩ። ስሌቱ ይወጣል። ምን እንዳሰላሁ ግን አላውቅም።

ስለ ጋሼ የነገረኝ የሥራ ባልደረባዬ ነው። ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር ናቸው። እሁድ ከሰዓት ደብተሬን ይዤ ቤታቸው ሄድኩ። አገላብጠው አዩና «ልጄ፣ ስሌቱ ልክ ነው። ግን እጅህ ነው የሠራው፤ ዓይንህ አላየውም» አሉኝ።

ከጓዳ ቁራሽ እንጀራና አንድ ብርቱካን አስመጡ። እንጀራውን ጠቀለሉት። አልተጨማደደም፣ አልተቀደደም። «በል አሁን ብርቱካኑን አልብሰው» አሉ። ብሞክር ጠርዙ ይታጠፋል፤ ስጎትተው ይቀደዳል። ጀርመናዊው የሒሳብ ሊቅ ጋውስ እ.ኤ.አ. በ1827 ያሳየው ይህንኑ ነው። ብትጠቀልለውም ብትዘረጋውም የእንጀራው ውስጣዊ ጉብጠት፣ ማለትም ከላዩ ሳይወርዱ የሚለካው ጉብጠት፣ ዜሮ ነው። የብርቱካኑ ግን አይደለም። ከዚያ እንጀራ መጫወቻ አይደለም ብለው ወጥ አስጨመሩና አብረን በላን።

በብርቱካኑ ላይ ደግሞ ስቴኪኒ አስጋደሙ። ከአናቱ እስከ ወገቡ፣ በወገቡ ዙሪያ ሩብ ያህል፣ ከዚያ መልሰው ወደ አናቱ ወሰዱት። በየትኛውም እርምጃ ስቴኪኒውን አላዞሩትም። ሲመለስ ግን ከመነሻው 90 ዲግሪ ዞሮ ነበር! ጣሊያናዊው የሒሳብ ሊቅ ሌቪ-ቺቪታ እ.ኤ.አ. በ1917 ያመጣው፣ አቅጣጫን ሳያዞሩ በጎባጣ ነገር ላይ የማጓጓዝ ሐሳብ በአንድ ስቴኪኒ ገባኝ።

ዋናው እንቅፋቴ ግን የክሪስቶፌል ምልክቶች ነበሩ፤ አቅጣጫን ከነጥብ ወደ ነጥብ ስንወስድ ስሌቱ ውስጥ የሚገቡ ቁጥሮች ናቸው። ዜሮ ካልሆኑ ቦታው ጎብጧል ማለት ይመስለኝ ነበር። ጋሼ አልተከራከሩኝም። ጠፍጣፋ ወረቀት ወስደህ በራዲየስና በማዕዘን አስላ ብለው ሸኙኝ። ምልክቶቹ ዜሮ አልሆኑም። ቀጥዬ የሪማንን ጉብጠት፣ ቦታው በእርግጥ መጉበጡን የሚለካውን ቴንሰር፣ አሰላሁ። ዜሮ! ለካ ምልክቶቹ የመጡት ከመረጥኩት የቦታ መለያ ዘዴ፣ ከራዲየስና ከማዕዘኑ፣ ነው እንጂ ወረቀቱስ ጠፍጣፋ ነው። ለዚህም ነው እነሱ ራሳቸው ቴንሰር ያልሆኑት። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

በራሱ የሚማር ሰው አስተማሪ አያስፈልገውም ለሚሉ እኔ ምስክር ነኝ፤ የተሳሳተበትን የሚያሳየው ሰው ያስፈልገዋል። ጋሼ ሌክቸር አይሰጡም። ሳምንቱን ሙሉ አንተ ትሠራለህ፤ እሁድ በቀይ እስክሪብቶ «ይህ ምን ማለት ነው?» እያሉ ያፋጥጡሃል። መልስ አይነግሩም። ካልኩለስህ ወይም ሊኒየር አልጀብራህ ከላላ ወደ ኋላ ይመልሱሃል። እኔንም አንድ ወር መልሰውኛል፤ ያኔ ተናድጄ ነበር፤ ዛሬ አመሰግናቸዋለሁ። ለነገ ፈተና ለሚጣደፍ ሰው ግን አይሆኑም። በቪዲዮም አይሠሩም፤ ደብተሩን በእጃቸው ካልያዙ አይሆንላቸውም። ክፍያቸው ከልፋታቸው በጣም ያነሰ ነው።

አዲስ አበባ ያላችሁና ከልባችሁ መማር የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ አስፈቅጄ አገናኛችኋለሁ።

ጋሼ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። በአንድ ክብ አካል ዙሪያ ያለውን ስበት ከአንስታይን እኩልታ የሚያወጣውን የሽቫርትሽልድን ስሌት ጨርሻለሁ፤ እሁድ ይዤ እመጣለሁ።