ወረቀቱን የሚያነቡባት ፋርማሲ

ከጊዮርጊስ ወደ ጣና ዳር ስትወርዱ አረንጓዴ በር ያላት ጠባብ ፋርማሲ አለች። ስሟን አልጽፍም፣ ማስታወቂያ ይመስልብኛል። ከ5 ኮከብ 4 ሰጥቻታለሁ።

ነገሩ የጀመረው በእናቴ የግፊት ክኒን ነው። በየጠዋቱ አንድ ነጭ ክኒን ስትውጥ ዓመታት አልፈዋል፣ አንድም ቀን አስቸግሯት አያውቅም። አምና ሁልጊዜ የምንገዛበት ቤት "አልቋል" አሉን። ይቺን ቃል መድኃኒት የሚገዛ ሁሉ ያውቃታል። ሌላ ቤት ገባሁ፤ ልጁ ማዘዣውን አየት አደረገና "ያው ነው፣ ፋብሪካው ብቻ ነው የሚለየው" ብሎ ከትልቅ ብልቃጥ 30 ፍሬ ቆጥሮ በትንሽ ላስቲክ ቋጠረልኝ። ክኒኑ ቢጫ ነበር። ካርቶን የለ፣ ወረቀት የለ። እኔም አልጠየቅኩም፤ ባጃጁ ውጪ እየጠበቀኝ ነበር።

በሦስተኛው ቀን እናቴ ክንዷና አንገቷ ላይ ጉብ ጉብ እያለ ይቀላ ጀመር። "ሳማ የለበለበኝ ነው የሚመስለው" አለች። ሌሊቱን ስታክ አደረች። ጎረቤታችን ምች ነው ብላ ዳማከሴ ይዛ መጣች። እናቴ ግን የራሷን ፍርድ ሰጠች፤ "መድኃኒቱ ጠልቶኛል፣ ከዛሬ ጀምሮ አልውጥም።" ግፊቷ ደግሞ ያለ መድኃኒት የሚቀመጥ አይደለም።

አባይ ማዶ ያለችው የአክስቴ ልጅ ናት ወደዚች ፋርማሲ የላከችን። ፋርማሲስቷ ወጣት ናት፣ ድምጿ ዝግ ያለ። ገና ከመግባታችን "እማማ፣ ከንፈርዎ ወይም ምላስዎ አብጦ ነበር? ትንፋሽ አጥሮዎት ያውቃል? ራስዎን አዙሮዎታል?" ብላ ጠየቀች። እናቴ አይ ስትላት ፊቷ ፈታ አለ። እንደዚያ ቢሆን ኖሮ አንድ ክኒን እንኳ ሳትሸጥልን በቀጥታ ሆስፒታል ትልከን እንደነበር ነገረችን፤ እንደዚያ ያለው አለርጂ ወዲያው የአድሬናሊን መርፌ ይፈልጋል፣ ደቂቃ አይሰጥም።

ከዚያ ካርቶኑን ጠየቀች። ላስቲኳን አሳየኋት። ራሷን ነቀነቀች፣ ከመደርደሪያው የዚያኑ ፋብሪካ ካርቶን አወረደችና ውስጡ ያለችውን ስምንት ቦታ የታጠፈች ወረቀት መስታወቱ ላይ ዘረጋቻት። በእስክሪብቶ ጫፍ እየተከተለች አነበበችልን። መድኃኒቱ 5 ሚሊግራም ብቻ ነው፤ ይህን ብቻውን በጣት መያዝ እንኳ አይቻልም። ስለዚህ ክኒን እንዲሆን ላክቶስ ወይም ስታርች ይሞላበታል፣ እንዳይፈረካከስ ማያያዣ ይገባበታል፣ ማሽኑ ላይ እንዳይጣበቅ ማግኒዥየም ስቴሬት ይጨመርበታል፣ በመጨረሻ ቀለም። እስክሪብቶዋ እዚያ ላይ ቆመ። ታርትራዚን፣ ኢ 102። ቢጫ ቀለም።

"እማማ፣ ቀለም ያለው ጁስ ጠጥተው አሳክኮዎት ያውቃል?"

እናቴ ዝም አለች። ከዚያ "የልጅሽ ክርስትና!" አለችኝ። እውነትም፣ ያን ቀን በዱቄት የሚበጠበጠውን ብርቱካንማ ጁስ ጠጥታ ማታ ገላዋ ሽፍ ብሎባት ነበር፣ እኛ ግን በዶሮው ቅመም አሳበብን። ወዲያው ሌላ ጭንቀት መጣባት፤ "ታዲያ አልጫም ልተው ነው? እርዱም ቢጫ ነው እኮ።" ፋርማሲስቷ ሳቀች። እርድ ሌላ፣ ይሄ ፋብሪካ የሚሠራው ቀለም ሌላ።

ሰውነቱ በታርትራዚን የሚቆጣ ሰው ጥቂት ነው፤ ቢሆንም አሜሪካ ውስጥ በሐኪም ትዕዛዝ የሚሸጥ መድኃኒት ይህ ቀለም ካለበት ወረቀቱ ላይ በግልጽ እንዲጻፍ ሕጉ ያስገድዳል። እኛ ዘንድ ደግሞ ወረቀቷ ብልቃጡ ጋ ትቀራለች፣ ክኒኑ በላስቲክ ቤት ይገባል። እኔን ያናደደኝ ይሄ ነው። በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣ አንድ የአሜሪካ ጥናት በአፍ ከሚወሰዱ መድኃኒቶች ከ90 በመቶ በላይ የሚሆኑት የአንዳንድ ሰዎችን ሰውነት ሊያስቆጣ የሚችል ቢያንስ አንድ እንዲህ ያለ ማሟያ (ከዋናው መድኃኒት ሌላ የሚጨመር ነገር) እንዳላቸው፣ ላክቶስ ብቻውን 45 በመቶ ገደማው ውስጥ እንዳለ አሳይቷል። አብዛኛው ሰው ምንም አይሆንም። የሚሆነው ሰው ግን ምን እንደነካው ሊያውቅ ይገባዋል።

ፋርማሲስቷ ላክቶስ ከወተት ነው የሚወጣው ስትል እናቴ ደነገጠች። "በጾም ስውጠው ነው የኖርኩት?" ልጅቷ "እሱን የንስሐ አባትዎን ይጠይቁ፣ እኔ የማውቀው ክኒኑን ነው" አለቻት። ካፕሱል የሚሠራበት ጄላቲን አብዛኛውን ጊዜ ከእንስሳ ቆዳና አጥንት እንደሚወጣ ስትጨምርማ ከኋላችን የተሰለፉት ሁሉ ጆሯቸውን አቀኑ።

እኔም ስለ ክትባት ጠየቅኩ። የኮቪድ ጊዜ አስትራዜኒካ ስወጋ 15 ደቂቃ ተቀመጪ ተብዬ አጉረምርሜ ነበር። ለካ እዚያ ውስጥ ፖሊሶርቤት 80 የሚባል ማሟያ አለ፣ የፋይዘሩ ውስጥ ደግሞ ፖሊኢቲሊን ግላይኮል፤ ሁለቱም አልፎ አልፎ ሰው ያስቆጣሉ። የቢጫ ወባ ክትባት የሚዘጋጀው በዶሮ እንቁላል ስለሆነ እንቁላል የማይስማማው ሰው ቀድሞ መናገር አለበት። የሚያስፈራ ነገር ግን አይደለም። አሜሪካ የፋይዘርን ክትባት በጀመረችበት ወቅት ከተሰጡት የመጀመሪያዎቹ 1.9 ሚሊዮን ገደማ ክትባቶች ከባድ አለርጂ የታየው በ21 ሰዎች ላይ ነው፤ ከነሱም አብዛኞቹ ላይ የጀመረው በዚያችው 15 ደቂቃ ውስጥ ነበር።

ልጅቷ በራሷ ሥልጣን አልቀየረችልንም፤ የጠረጠረችውን ወረቀት ላይ ጽፋ ወደ ሐኪማችን መለሰችን። እሱም ያንኑ መድኃኒት፣ ያንኑ መጠን፣ ነጩን አዘዘ። የአለርጂ ምርመራ አላደረግንም፣ ስለዚህ መቶ በመቶ ቀለሙ ነው ብዬ አልምልም። ነጩን ከጀመረች ወዲህ ግን ያ ሳማ አልተመለሰም። አሁን ባዶውን ካርቶን ቦርሳዋ ውስጥ ይዛ ትዞራለች፣ የትኛውም ፋርማሲ ስትገባ አውጥታ "እንደዚህ ያለውን ስጠኝ፣ ቢጫ እንዳትሰጠኝ" ትላለች።

ዋጋቸው ከሌላው በጥቂት ብር ይወደዳል። በቴሌብር ይቀበላሉ። እሁድ ከሰዓት ዝግ ነው። ለሁሉም ወረቀት ስለሚያነቡ ወረፋው አይንቀሳቀስም፣ ከኋላዬ የነበረው ሰውዬ "ትምህርት ቤት ነው እንዴ?" እያለ ሲነጫነጭ ነበር፣ አልፈርድበትም። አምስተኛውን ኮከብ የከለከልኳቸው ግን ስለ ወንበር ነው። አንድ ወንበር የላቸውም። ግፊት ያለባት እናቴ ግማሽ ሰዓት መስታወቱን ተደግፋ ቆመች። ወንበር ካስገቡ ተመልሼ አስተካክላለሁ።